«ሊዘጋ ነው፤ ምን ያድሰዋል?» ለሚሉ

አሜሪካ ውስጥ አነስተኛ ድርጅት ያለው ሐበሻ፣ ሥራው የቤት ለቤት እንክብካቤ ኤጀንሲም ይሁን ምግብ ቤት ወይም ፓርኪንግ፣ ለሠራተኞቹ የከፈተውን የ401ኬ የጡረታ ፕላን ለመዝጋት ሲነሣ ያልጠበቀው ወረቀት ይመጣበታል። ፕላኑን የሚያስተዳድርለት ኩባንያ ባለፉት ዓመታት የወጡትን ሕጎች ወደ ፕላኑ ሰነድ የሚያስገባ ማሻሻያ ልኮ፣ ከመዝጊያው ቀን በፊት ፈርም ይለዋል። ክፍያም ይጠይቀዋል። ሰውየው ይደነቃል። ነገ የሚቀበርን ነገር ዛሬ ማደስ ምን የሚሉት ሥራ ነው? አካውንታንቱ ዘንድ ይደውላል፤ አካውንታንቱም ብዙ ጊዜ ይደግፈዋል። «ገንዘብ መልቀሚያ ነው። ለማሻሻያው የተሰጠው ጊዜ እስከ 2026 መጨረሻ ነው፤ ያኔ ደግሞ አንተ ፕላን የለህም» ይለዋል።

ይህ ሐሳብ የእኛ ሰው ብቻ አይደለም። ከትንሹ የአሜሪካ ነጋዴ እስከ ደህና ደመወዝ የሚከፈለው የፋይናንስ ሹም ድረስ የያዘ እምነት ነው፤ ስንሰማውም ልክ ይመስላል። እኔ ግን ስሕተት ነው ባይ ነኝ። የጡረታ ፕላን ሰነድ ከምንጊዜውም ይልቅ ትክክል ሆኖ መገኘት ያለበት ፕላኑ በሚዘጋበት ቀን ነው። የመዝጊያ ማሻሻያው የቢሮክራሲ ትርፍ አይደለም፤ በነገሩ ሁሉ ውስጥ ትርጉም ያለው አንድ ፊርማ ካለ እሱ ነው።

ደንቡ ራሱ ውስብስብ አይደለም። የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ አይ.አር.ኤስ.፣ 2016-37 ብሎ በቆጠረው መመሪያ እንዳስቀመጠው፣ ፕላን ሲዘጋ ሰነዱን ለማስተካከል የተሰጠው የችሮታ ጊዜም አብሮ ያበቃል። ስለዚህ በመዝጊያው ቀን በሥራ ላይ ያለ ማንኛውም ለፕላኑ የሚመለከት ሕግ፣ ለሌሎች ፕላኖች የተሰጠው ቀነ ገደብ ገና ሩቅ ቢሆንም፣ ከመዝጊያው ጋር በሰነዱ ውስጥ መግባት አለበት። ከመዝጊያው በኋላ በሥራ ላይ የሚውለው ሕግ አይጠየቅም። ነገሩ ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን ይከብደናል? አንዱ ምክንያት፣ እንደ እኔ ግምት፣ ጡረታን ያወቅንበት መንገድ ነው። አገር ቤት ጡረታ ማለት አዋጅ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ሽፋን ሲያገኝ፣ በኋላም ይኸው አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ሲተካ፣ የዕድሜው ጣሪያም የአገልግሎት ዘመኑም ለባልና ለሚስት፣ ለልጅ የሚተርፈውም በነጋሪት ጋዜጣ ለሁሉም እኩል ተጽፏል። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ቀጣሪው ቢዘጋም መብቱ በአዋጁ ይኖራል። ሰነድ አምጡ የሚል ሠራተኛ የለም፤ ሰነዱ አገሪቱ ናት።

በአሜሪካው 401ኬ ግን ሕጉ አጥሩን ብቻ ያጥራል፤ ከአጥሩ ውስጥ ያለውን የሚወስነው እያንዳንዱ ቀጣሪ የፈረመው ሰነድ ነው። ቀጣሪው በሠራተኛው መዋጮ ላይ ስንት ይጨምራል? የጨመረውስ የሠራተኛው ሙሉ ንብረት የሚሆነው ወዲያውኑ ነው፣ በሦስት ዓመት ነው ወይስ ቀስ በቀስ በስድስት? ብድር ይፈቀዳል? ስንት ሰዓት የሠራ ሰው ይገባል? ባለቤቱ ሲሞት ማን ይወርሳል? መልሱ ያለው በዋሽንግተን ሳይሆን በዚያ ብዙዎቻችን ሳናነብ መሳቢያ ውስጥ በከተትነው ጥራዝ ውስጥ ነው። ኤሪሳ የተባለው የ1974ቱ ሕግ ማንኛውም የሠራተኛ ጥቅም ፕላን በጽሑፍ መቋቋም፣ በጽሑፉም መመራት አለበት ሲል ያዘዘው ለዚህ ነው።

ኤሪሳ ከየት እንደመጣ ማስታወስ ደግሞ ክርክሩን ግማሽ መንገድ ያደርሰዋል። በ1963 መጨረሻ ስቱድቤከር የተባለው የመኪና ኩባንያ በኢንዲያና ክልል ሳውዝ ቤንድ ከተማ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የጡረታ ፕላኑም ተዘጋ። ጡረታ የወጡትና 60 ዓመት የሞላቸው 3,600 ያህል ሰዎች ሙሉ ጥቅማቸውን አገኙ። ከእነሱ ቀጥለው የነበሩት ወደ 4,000 የሚጠጉ ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ የዕድሜያቸውን ግማሽ እዚያው ያሳለፉ፣ ከሚገባቸው 15 በመቶ ያህሉን ብቻ ተቀበሉ። የተቀሩት ምንም አላገኙም። ይህ ታሪክ ሲነገር ሰው የሚያስታውሰው የገንዘቡን ማነስ ነው፤ ትክክልም ነው። የሚዘነጋው ሌላው ነገር ግን ማን ቀድሞ ይከፈል፣ ማን ይቅር የሚለውን የወሰነው የፕላኑ ጽሑፍ መሆኑ ነው። ጽሑፉ አልተጣሰም። እንደተጻፈው ተፈጸመ። ሠራተኛው ጽሑፉ ምን እንደሚል ያወቀው ግን በሩ ሲዘጋ ነው። ፕሬዚዳንት ፎርድ ኤሪሳን የፈረሙት በሴፕቴምበር 2 ቀን 1974፣ በአሜሪካ የሠራተኞች በዓል ዕለት ነው፤ ዕለቱ የተመረጠው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ዛሬ 401ኬ ውስጥ ያለ ገንዘብ በየሰው ስም ስለሚቀመጥ እንደ ስቱድቤከር ዓይነት የጉድለት አደጋ የለም። የጽሑፉ ሥልጣን ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጠንክሯል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረታችን ለአሜሪካ የጡረታ ሕግ የተተረተ ነው ማለት ይቻላል። አንድ የዱፖንት ኩባንያ ሠራተኛ በ1970ዎቹ ሚስቱን የቁጠባ ፕላኑ ወራሽ አድርጎ ስሟን አስገባ። በ1994 ተፋቱ፤ ሚስትየዋም በፍቺው ውሳኔ ከፕላኑ ያላትን ጥቅም እንደለቀቀች ተጻፈ። ሰውየው ግን በፕላኑ ቅጽ ላይ ስሟን አልቀየረም። በ2001 ሲሞት ፕላኑ 402,000 ዶላር ያህሉን ለቀድሞ ሚስቱ ከፈለ። የሟቹ ንብረት አጣሪ የሆነች ልጁ ከሰሰች፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዘጠኙም ዳኞች በ2009 በአንድ ድምፅ ለፕላኑ ፈረዱ። የፕላኑ አስተዳዳሪ ግዴታው የፕላኑን ሰነድ መከተል ነው፤ ከሰነዱ ውጪ ያለ እውነት፣ እንደዚያ ያለ የፍቺ ፍርድ እንኳ ቢሆን፣ እሱን አያዘውም ነው ነገሩ።

ወረቀቱ ይህን ያህል የሚያዝ ከሆነ «ወረቀቱ ቢያረጅ ምን አለበት» ማለት ምን ማለት ነው? የሰውን የዕድሜ ልክ ቁጠባ አከፋፍለን ስንጨርስ፣ ያከፋፈልንበት ጽሑፍ ያከፋፈልንበትን መንገድ የማይፈቅድ ይሁን ማለት ነው።

ወደ ቀነ ገደቡ ክርክር እንምጣ፤ የተቃራኒዎቹ ብርቱ ክንድ እሱ ነውና። ሴክዩር የተባለው ሕግ በዲሴምበር 20 ቀን 2019 ወጣ። የኮሮና ጊዜው ኬርስ ሕግ በማርች 2020 ተከተለ። ሴክዩር 2.0 ደግሞ በዲሴምበር 29 ቀን 2022 ተፈረመ። የአብዛኞቹ ድንጋጌዎች አፈጻጸም ቶሎ ተጀመረ፤ የሰነድ ማሻሻያው ግን ተራዘመ። ለመጀመሪያው ሴክዩር የተሰጠው ጊዜ ለብዙዎቹ ፕላኖች 2022 መጨረሻ ነበር፤ ወደ 2025 መጨረሻ ተገፋ፤ ከዚያም አይ.አር.ኤስ. 2024-2 በተባለው ማስታወቂያው ሦስቱንም ሕጎች አጠቃልሎ ለአብዛኞቹ የግል ድርጅት ፕላኖች ወደ ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ወሰደው። የሠራተኛ ማኅበር ስምምነት ያለባቸውና የመንግሥት ፕላኖች ከዚያም የራቀ ቀን ተሰጣቸው።

ሕዝቡ ይህን ሲሰማ «ሕጉ 2026 ድረስ አይመለከተኝም» ብሎ ተረዳው። እንዲህ የሚል ቃል ግን የትም የለም። ሕጉ ከተባለበት ቀን ጀምሮ በሥራ መፈጸም አለበት፤ የተራዘመው ወረቀቱን የማስተካከያው ጊዜ ብቻ ነው። ማሻሻያው ሲፈረምም ወደ ኋላ ተመልሶ ሕጉ የጀመረበትን ቀን ይይዛል። እንግዲህ አስቡት፦ ከ2020 እስከ 2026 ባሉት ሰባት ዓመታት አንድ ፕላን አንድ ነገር እየጻፈ ሌላ ነገር ሲሠራ እንዲኖር መንግሥት ፈቀደ። የተፈቀደውም «በኋላ ትጽፉታላችሁ» በሚል እምነት ነው። ለሚዘጋ ፕላን ደግሞ «በኋላ» የሚባል ነገር የለም። ገንዘቡ ከወጣ፣ ተቋሙም ከፈረሰ በኋላ ማን ምኑን ያሻሽላል? ስለዚህ ቀነ ገደቡ ወደ መዝጊያው ቀን መምጣቱ በትንሹ ነጋዴ ላይ የተጣለ ልዩ ቅጣት አይደለም። መጀመሪያ የተሰጠው ችሮታ ያለ እሱ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

እድር ሲፈርስ እንኳ ሰው ሣጥኑን ከመክፈቱ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን ያወጣል። ባለፉት ዓመታት በቃል የተስማሙበት ለውጥ ካለ፣ መዋጮው ጨምሮ ከሆነ፣ አዲስ አባል በምን ሁኔታ እንደገባ ካልተጻፈ፣ መጀመሪያ እሱ ተጽፎ ይፈረማል፤ ከዚያ ነው ድርሻ የሚቆጠረው። ይህን ያላደረገ እድር ምን ላይ እንደሚደርስ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም የምናውቀው ነው።

«ይህ ሁሉ መርሕ ነው፤ በተግባር ማሻሻያው የማንንም ኪስ አይነካም» የሚሉኝ ይኖራሉ። ይነካል። ሴክዩር 2.0 ከ401ኬ ገንዘብ በግዴታ መውሰድ የሚጀመርበትን ዕድሜ ከ72 ወደ 73 ያነሣው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነው፤ ሕጉ በተፈረመ በሦስተኛው ቀን ማለት ነው። በ1951 የተወለደን፣ ሥራ ያቆመን ሰው እንውሰድ። በ2023 ዕድሜው 72 ሞላ። በአሮጌው ሰነድ መሠረት ለዚያ ዓመት በግዴታ የሚወሰድ ድርሻ አለበት፤ ይህ ድርሻ ደግሞ ወደ ግል የጡረታ ሂሳብ፣ ወደ አይ.አር.ኤ.፣ ሊዛወር አይችልም፤ ታክሱ ወዲያው ነው። በአዲሱ ሕግ ግን በ2023 ምንም አይጠየቅም፤ ፕላኑ ቢዘጋና ሙሉ ገንዘቡ ቢሰጠው ሙሉውን ማዛወር ይችላል። አሮጌውን ሰነድ የያዘና አዲሱን ሕግ የተከተለ ፕላን ሰውየውን ጠቀመው፤ ነገር ግን ሰነዱ በማይፈቅደው መንገድ ነው የጠቀመው። አሮጌውን ሰነድ የተከተለ ደግሞ ሕጉን ጥሶ ሰውየውን ያለ አግባብ ታክስ አስከፈለው። ሁለቱም ጎድለዋል። ይህ የቢሮ ፈጠራ አይደለም፤ በ2023 መጀመሪያ ላይ ሰው በስሕተት የግዴታ ክፍያ ተብሎ የተሰጠውን ገንዘብ መልሶ እንዲያስገባ አይ.አር.ኤስ. 2023-54 በሚል ቁጥር ማስታወቂያ አውጥቶ ተጨማሪ ጊዜ እስከ መስጠት ደርሷል። የከፋይ ኩባንያዎች ሥርዓት ለሦስት ቀን ማስታወቂያ አልተሠራምና።

ኮሮና ደግሞ የባሰውን ትቶልን ሄደ። ኬርስ ሕግ በ2020 በበሽታው የተጎዳ ሠራተኛ ሥራ ላይ እያለ እስከ 100,000 ዶላር ያለ ቅጣት እንዲወስድ ፈቀደ፤ ታክሱን በሦስት ዓመት ከፋፍሎ እንዲከፍል፣ ከፈለገም ገንዘቡን በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲመልስ። ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች በተዘጉበት በዚያ ወቅት ብዙ ሰው ከዚያ ገንዘብ ቤቱን አኑሯል። ነገር ግን ይህን መፍቀድ የቀጣሪው ምርጫ ነበር፤ የመረጠ ቀጣሪ ደግሞ ምርጫውን በኋላ በሰነዱ ውስጥ ማስገባት ነበረበት። ያላስገባ ቀጣሪ ዛሬ ፕላኑን ቢዘጋ፣ በ2020 ለሠራተኞቹ የከፈለው ገንዘብ ሁሉ ሰነዱ የማያውቀው ክፍያ ሆኖ ይቀራል። ያኔ የደግነት ሥራ የነበረው አሁን የጥሰት መዝገብ ይሆናል። አንድ ፊርማ ነው የሚለያቸው።

ሠራተኛ የሌለው፣ ለራሱ ብቻ ፕላን የከፈተ ሰው ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት፤ የእኛ ሰው በብዛት ያለው እዚያ ነውና። በግል ኮንትራት የሚሠራው የአይ.ቲ. ባለሙያ፣ በራሱ የጭነት መኪና የሚሠራው ሹፌር፣ ከኤጀንሲ ነፃ ሆና የምትሠራዋ ነርስ፣ ከአንዱ የኢንቨስትመንት ድርጅት በነፃ ያገኙትን ሰነድ ፈርመው የግል 401ኬ ይከፍታሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ደብዳቤ ማንም አይከፍተውም። በዚህ ዓይነት ተዘጋጅተው በሚቀርቡ ሰነዶች የሚተዳደሩ ፕላኖች እስከ ጁላይ 31 ቀን 2022 ድረስ በአዲስ ጽሑፍ መታደስና መፈረም ነበረባቸው። ስንቱ ፈርሟል? በዚያ ላይ በፕላኑ ያለው ገንዘብ ከ250,000 ዶላር በታች እስከሆነ ድረስ ዓመታዊ ቅጽ ማቅረብ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ሰው ከአይ.አር.ኤስ. ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ይመስለዋል። ፕላኑ ሲዘጋ ግን 5500-ኢዜድ የተባለው የመጨረሻ ቅጽ፣ በፕላኑ ውስጥ 3,000 ዶላር እንኳ ቢኖር፣ መቅረብ አለበት፤ ያላቀረበ ሰው ቅጣቱ በቀን 250 ዶላር ሲሆን እስከ 150,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ዘግይተው ለሚያቀርቡ ማቅለያ መንገድ አለ፤ ግን ከመያዝ በፊት ለመጣ ሰው ነው።

«እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ማሻሻያውን ባልፈርም የምጎዳው ማን አለ?» ራስህ አለህ፤ ሌላ ማን ይኑር። ገንዘብ ከ401ኬ ወደ አይ.አር.ኤ. ያለ ታክስ የሚሻገረው የወጣበት ፕላን በሕግ ብቁ ከሆነ ብቻ ነው። ሰነዱ የሕጉን መስፈርት ካላሟላ ብቁነቱ ይጠየቃል፤ ብቁነቱ ከወደቀ ዝውውሩም ይወድቃል፤ ያኔ ሃያ ዓመት ያጠራቀምከው ገንዘብ በአንድ ዓመት ገቢህ ላይ ተደምሮ ታክስ ይቆረጥበታል። አይ.አር.ኤስ. ይህን የመጨረሻ ዱላ የሚያነሣው አልፎ አልፎ መሆኑ እውነት ነው፤ የማስተካከያ ፕሮግራምም አለው። ነገር ግን በፈቃደኝነት ቀርቦ የማስተካከል መንገዱ መርማሪው በር ካንኳኳ በኋላ ይዘጋል። «አይያዝም» የሚለው ክርክር እስከሚያዝ ድረስ ብቻ የሚሠራ ክርክር ነው፤ የሰው ጡረታ ላይ እንዲህ ዓይነት ቁማር የሚጫወት ሰው ቢያንስ በራሱ ገንዘብ ብቻ ይጫወት።

ሌላው የተለመደ ስሕተት «ዘግቼዋለሁ» የሚለው ነው። የቦርዱ ውሳኔ ተፈረመ፣ መዋጮ ቆመ፣ ለአስተዳዳሪው የሚከፈለውም ቀረ፤ በቃ፣ ተዘጋ። አልተዘጋም። አይ.አር.ኤስ. ከ1989 ጀምሮ የያዘው አቋም የፕላኑ ገንዘብ በተቻለ ፍጥነት፣ በመደበኛው አነጋገር በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ለባለቤቶቹ ተከፋፍሎ ካላለቀ ፕላኑ እንደተዘጋ አይቆጠርም የሚል ነው። ካልተዘጋ ደግሞ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ በሕይወት ካለ አዲስ የሚወጣው ሕግ ሁሉ ይመለከተዋል፤ ዓመታዊ ቅጹም ይቀጥላል። ይህ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም። ከዓመታት በፊት ሥራ የለቀቀ፣ አድራሻውን ሳይሰጥ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ አንድ ሠራተኛ 1,900 ዶላር ትቶ ሄዶ ሊሆን ይችላል። እሱ ስላልተገኘ ፕላኑ ይንጠለጠላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ከ2018 ወዲህ የፌዴራሉ የጡረታ ዋስትና ድርጅት፣ ፒ.ቢ.ጂ.ሲ.፣ ከሚዘጉ የ401ኬ ፕላኖች ላይ የጠፉ ሰዎችን ሂሳብ ተረክቦ ያስቀምጣል፤ ብዙ ባለቤት ግን ይህን አያውቅም። አገር ቤት የተመለሳችሁ አንባቢያን፣ አሜሪካ ስትሠሩ ከደመወዛችሁ ይቆረጥ የነበረው ገንዘብ የት እንደደረሰ መጠየቅ የእናንተም ፋንታ ነው።

ድርጅት ሲሸጥ የሚሆነውን ደግሞ በአጭሩ ልንካው። ገዢው የሻጩን ኩባንያ ከነአክሲዮኑ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሻጩ 401ኬ ከሽያጩ ቀን በፊት እንዲዘጋ ይጠይቃል። ምክንያቱም ከሽያጩ በኋላ ቢዘጋ፣ ገዢው የራሱ 401ኬ ስላለው፣ ለሠራተኞቹ ገንዘቡን ማከፋፈል ሕጉ ይከለክለዋል። ስለዚህ የመዝጊያው ውሳኔ ሽያጩ ሊፈጸም አንድ ቀን ሲቀረው በጥድፊያ ይፈረማል። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ማሻሻያው ይረሳል፤ ሲረሳም ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ሄዷል፣ ገዢው «የኔ ፕላን አይደለም» ይላል፣ ሠራተኛው መሐል ላይ ይቀራል። ገዢ የሆነ ሰው የተፈረመ ማሻሻያ ሳያይ ሽያጩን መፈረም የለበትም።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ትንሹ ነጋዴ የሚያማርርበት ምክንያት የለውም ማለት አይደለም። አለው፤ ቅሬታውን የሚያዞርበት አቅጣጫ ነው የተሳሳተው። ማሻሻያውን የሚጠላው ሰው መጥላት ያለበት የሰባት ዓመቱን መጓተት ነው። ኮንግረስ ሕግ አውጥቶ በቀናት ውስጥ ሥራ ላይ ሲያውል፣ ጽሑፉ ግን ሁለት ጊዜ ተገፍቶ ሰባት ዓመት ሲዘገይ፣ የጎደለው ሁሉ ተጠራቅሞ በሚዘጋው ሰው ላይ በአንድ ቀን ይወድቃል። ያ ሸክም በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ በመዝጊያው ቀን የሚያስደነግጥ ሂሳብ አይኖርም ነበር። ችሮታ የተባለው ነገር ለትልቁ ኩባንያ፣ ጠበቃና ሰነድ ክፍል ላለው፣ ችሮታ ነው። ለትንሹ ግን የተደበቀ ዕዳ ሆኗል።

የአስተዳዳሪ ኩባንያዎቹ ክፍያም ከትችት አያመልጥም። ለመቶዎች ደንበኞች አንዴ የተዘጋጀን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ስም እየቀየሩ ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ሥራ ማስከፈል ተገቢ አይመስለኝም። ክፍያው ይቀነስልኝ ብሎ መከራከር የባለቤቱ መብት ነው፤ ፕላኑን ሲከፍት በፈረመው ውል ውስጥ ማሻሻያ ተካቶ እንደሆነም ያጣራ። አይ.አር.ኤስ.ም ቢሆን ለሚዘጉ ትናንሽ ፕላኖች የሚሆን አንድ ዝግጁ የማሻሻያ ጽሑፍ አሳትሞ በነፃ ቢያቀርብ የሚያጣው ነገር የለም። እንዲህ ቢደረግ ግዴታው ይቀልላል፤ ግዴታው ይነሣ የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ግዴታው ከተነሣ የመጨረሻውን ክፍያ የሚወስነው ማንም ያልጻፈው ልማድ ይሆናል፤ ልማድ ደግሞ ሁልጊዜ ገንዘቡን በያዘው ወገን እጅ ነው የሚተረጎመው።

ሠራተኛ የሆናችሁ አንባቢያን፣ ቀጣሪያችሁ ፕላኑን እንደሚዘጋ ደብዳቤ ከደረሳችሁ በጽሑፍ የፕላኑን ሰነድና የመጨረሻዎቹን ማሻሻያዎች ጠይቁ። አስተዳዳሪው በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ፍርድ ቤት በቀን እስከ 110 ዶላር ሊያስከፍለው ይችላል። ፕላኑ ሲዘጋ ቀጣሪው የጨመረላችሁ ገንዘብ፣ የአገልግሎት ዘመናችሁ ገና ቢሆንም፣ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ይሆናል፤ የሚላክላችሁ ሂሳብ ያንን ማሳየቱን ተመልከቱ። ገንዘቡን በእጃችሁ ከምትቀበሉ በቀጥታ ወደ አይ.አር.ኤ. ወይም ወደ አዲሱ ቀጣሪ ፕላን ይተላለፍ በሉ፤ በእጃችሁ ከተሰጣችሁ 20 በመቶው ለታክስ ተቀንሶ ነው የሚደርሳችሁ።

ባለቤት የሆናችሁ ደግሞ የመዝጊያውን ውሳኔ ከመፈረማችሁ በፊት ማሻሻያውን አስመጡ። ሴክዩር፣ ኬርስና ሴክዩር 2.0 በስም ተጠቅሰው እንዳሉበት እዩ፤ በ2020 ለሠራተኛ የፈቀዳችሁት ነገር ካለ እሱም ይጻፍ። በማሻሻያው ላይ ያለው ቀን ከመዝጊያው ቀን የዘገየ ከሆነ አትፈርሙ፤ ተስተካክሎ ይምጣላችሁ።